ክሩ ይጫናል አለኝ

ሰኞ

ይጫናል አለኝ። የጊታር ክር በግራ እጅ ጣት ይጫናል። እኔ ሰይድ፣ የመካነ ሰላም አንደኛው ጊታር ተጫዋች (ሁለተኛ ስለሌለ)፣ ይህን የሰማሁት ገና ዛሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። መምህር ዳዊት የሚባል የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የሞተር ሳይክሉን ጎማ ሊያስለጥፍ ጎሚስታ ቤቴ መጣ። ጊታሬ እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ከአሮጌ ጎማዎች መሃል ተሰቅሏል። "የማን ነው?" አለ። "የማን ሊሆን፣ የአርቲስቱ ነዋ" አልኩት። አወረደው፣ አንዴ ነካ አደረገውና ፊቱን አጨማደደ። "ቅኝቱ ተበላሽቷል" ብሎ መቃኛዎቹን ማጠማዘዝ ጀመረ። ልከለክለው ብል እጄ ጎማ ውስጥ ነው። ከዚያ ተጫወተ። ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ዝም አሉ። እኔ ስጫወት ዝም ብለው አያውቁም፤ ስለ ናፍጣ ነው የሚያወሩት።

"እስቲ አንተ ደግሞ" ብሎ ሰጠኝ። እንደ ልማዴ ጉልበቴ ላይ አቆምኩት፣ የግራ ጣቶቼን ክሮቹ ላይ አሳረፍኩ፣ በቀኜ ከጎማ ውስጥ በወጣ የከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ገረፍኩት። አጎቴ ክራር ሲመታ እንደማየው ማለት ነው፤ የማትፈለገውን ክር ጣት ያፍናታል፣ የምትፈለገው ትጮኻለች። ክራር ስድስት ክር፣ ጊታር ስድስት ክር። ምን ብዬ ልጠርጥር? አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ለጌጥ መስለውኝ በዘይት ስወለውላቸው ኖሬያለሁ።

መምህሩ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። "ወንድሜ፣ ይሄ ክራር አይደለም። ክሩ ይጫናል" አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚናገረው።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ግን እህቴ ዘሃራ እሁድ ታገባለች። ጊታሩን ከዐረብ አገር የላከችልኝ እሷ ናት፤ የአሠሪዎቿ ልጅ ሰልችቶት የጣለውን። ከዚያ ወዲህ እየተጫወትኩ በስልክ እየቀዳሁ ስልክላት ነው የኖርኩት። አሁን መጥታ አቀስታ ላሉት አማቾቿ፣ "ወንድሜ ጊታሪስት ነው፤ በሰርጌ የሚጫወተው እሱ ነው" ብላለች። ሙሽራው ለአጎቶቹ ነግሯል። አጎቶቹ ለማን እንደነገሩ አላህ ይወቀው።

ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ መምህር ዳዊት ዘንድ ሄድኩ። አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው ያለው። የራሱ ጊታር አለው፣ ግን አልጋ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። እንዲህ የሚጫወት ሰው ለምን እንደሚደብቀው አልገባኝም። እኔ እንኳ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ።

ኮርድ የሚባል ነገር አሳየኝ። ሦስት ጣት ሦስት ቦታ ይቀመጣል። የኔ አንዱ ጣት ብቻውን ሦስቱንም ክር ይሸፍናል። "ይሄ ተሰጥኦ አይደለም?" ብዬ ጠየቅኩት። አይደለም አለኝ።

የዛሬ ውጤት፦
– አንድ ኮርድ። ግማሹ።
– የጣቶቼ ጫፍ ቀልቶ ያቃጥላል።
– ድምፁ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፍየል የወጣች ይመስላል።
– የኮርዱን ስም ራሴ ጻፍኩት፣ ሳልሳሳት። የጎልማሶች የማታ ትምህርቱን ባልጨርስ ይህችም አትኖርም ነበር። አስተማሪያችን "በየቀኑ ጻፉ፣ እጃችሁ ይፍታታ" ስትል ለእንዲህ ያለ ቀን መሆኑን አልነገረችንም።

ባለቤቴ ትርንጎ ጣቴን አይታ፣ "የጭነት መኪና ጎማ የሚነቅል እጅ ለክር እጅ ሰጠ?" አለች። "ጎማ ስነቅል ሰው ቆሞ አያዳምጠኝም" አልኳት። ጥሩ መልስ ነበር። ጣቴ ግን እንዳመመኝ ነው።

ረቡዕ

ስልኬ ላይ "ጊታር" ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ድሮ ሰው ነበር የሚጽፍልኝ። ምነው እንደ ድሮው በቀረ።

በቪዲዮ መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ልጅ ናት። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯ መሬት አይደርስም። ጣቶቿ እንደ ጉንዳን ይሮጣሉ፤ ፊቷ ግን ሌላ ነገር የምታስብ ይመስላል። ቀጥሎ ዐይነ ስውር ሰው መጣ፣ እሱም ይበልጠኛል። ቀጥሎ አንዱ በእግሩ ይጫወታል። በእግሩ። እዚህ ላይ ዘጋሁት።

ታዲያ እስከ ዛሬ የተጫወትኩት ምንድን ነው? ጊታር አይደለም ተብያለሁ። ክራርም አይደለም፣ ክራር ቤቴ ኖሮ አያውቅም። ሰው ስሙን በማያውቀው ነገር እንዴት አንደኛ ይሆናል? ደግሞ ሾፌሮቹ ከሰኞ ጀምሮ "መምህሩ መቼ ይመለሳል?" እያሉ ይጠይቁኛል።

በምሳ ሰዓት ዘሃራ መጣች። "አያ፣ እስቲ ያቺን ዜማ ንካልኝ፤ እዚያ ሆኜ እሰማት የነበረችውን።" ጊታሩ በመምህሩ ቅኝት ነው ያለው፤ በእሱ ቅኝት ያቺ አትወጣም፤ ሞክሬያለሁ። እንደምትመጣ ስለማውቅ ሌባ ጣቴን በፋሻ ጠቅልዬ ጠብቄያታለሁ። "የጎማ መንቀያው ብረት መታኝ" አልኳት።

"እስከ እሁድ ይሽርልህ ይሆን?"

"እኔ በዘጠኝ ጣትም እጫወታለሁ።"

በፋሻ መጠቅለል የነበረብኝ ምላሴን ነው።

ሐሙስ

የመምህሩን ትቼ ወደ ራሴ ቅኝት ልመለስ ብዬ መቃኛዎቹን ፈታሁ። የኔ ጠፋ። አንደኛዋን ሳገኛት ሁለተኛዋ ትሸሻለች፣ ሁለተኛዋን ስይዛት አንደኛዋ ልክ አልነበረችም። ጆሮዬ እንግዳ ገብቶ ባለቤቱ ደጅ ያደረበት ቤት ሆነ። ወሎ ተወልጄ፣ ወሎ አድጌ፣ ያወጣሁት ባቲ ይሁን አምባሰል መለየት አቃተኝ። ይህን ለሾፌሮቹ አልነግራቸውም።

መምህር ዳዊት ዘንድ ሄጄ፣ "የኔን ቅኝት መልስልኝ" አልኩት።

"ያንተን እኔ የት አውቀዋለሁ? አጥፍቼብህ ከሆነ አፉ በለኝ" አለ። ከልቡ ነው፣ ደንግጧል።

"እንግዲያው እሁድ አንተ መጥተህ ተጫወት።"

ይህን ስለው የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። ሰው ፊት ተጫውቶ አያውቅም። "ሰኞ ጎሚስታ ቤቴ ማን ነበር?" አልኩት። "ጎማ እየጠበቅኩ ነበር፣ ያ አይቆጠርም" አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ አንድ ዶርም ውስጥ በጊታር ከሱ የሚበልጥ ልጅ ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም፣ እንዲያውም ያበረታታው ነበር። ዳዊት ግን ከዚያ ወዲህ በሩን ሳይዘጋ ጊታር ነክቶ አያውቅም።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። እኔ እሱን እፈራለሁ። እሱ ያንን ልጅ ይፈራል። ያ ልጅ ደግሞ ያቺን እግሯ መሬት የማይደርስ ልጅ ሳያያት አይቀርም። እሷስ ማንን ትፈራለች? ማለቂያው የት ነው?

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ እናቴ ቤት ሄድኩ። ግቢው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ያለቅሳሉ፣ ከኔ ጋር ያለቀሱ መሰለኝ። ዘሃራን ጥግ ወስጄ፣ "ያቺ የላክሁልሽ ድምፅ ዛሬም አለችሽ?" አልኳት።

"የቷ? ሁሉም አሉኝ" አለች።

ከፈተችው። ራሴን ሰማሁ። ከኋላ የነፋስ መሙያው ኮምፕሬሰር ያጓራል። ትርንጎ "ምሳህ ቀዘቀዘ" እያለች ትቆጣኛለች። ከሁለቱ ሥር ደግሞ እኔ አለሁ፣ እየገረፍኩ። ዘሃራ እንዲህ አለችኝ፦ "የሰው ዕቃ ሳጥብ ይህን ነበር የምከፍተው። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ፣ ይኸው ቤቴ ገባሁ እላለሁ።"

እንግዲህ የወደደችው ጊታሩን ነው ወይስ ኮምፕሬሰሩን? አልጠየቅኋትም። መልሱን ፈራሁ።

ድምፁን እየመለስን እየሰማን ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኘሁ። እሷ "ገና ነው... አሁን መጣች" ትላለች፣ እኔ አጠማዝዛለሁ። ስድስቱም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስቃኝ ጣቴን አየት አድርጋ፣ "አያ፣ ይሄ ፋሻ ረቡዕ ሌባ ጣትህ ላይ አልነበረም? መሃል ጣትህ ላይ ምን ወሰደው?" አለች።

"በሽታው ይዛወራል" አልኳት።

አልሳቀችም። "ካልፈለግህ ይቅር፣ አልቀየምህም። ብቻ እዚያም ሰው አገር ነው የኖርኩት፣ አሁንም ሰው ቤት ልገባ ነው። የማውቀው ድምፅ ቢሸኘኝ ብዬ እኮ ነው።"

ፋሻውን ፈታሁት።

ቅዳሜ

ዳስ ስንተክል ዋልን። መምህር ዳዊት ዳግመኛ ሳልጠራው መጣ፣ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ የታመመ ሕፃን እንደያዘ ሰው። ከቤቱ ጓሮ ሄደን አብረን ሞከርን። የሱ ኮርድና የኔ ግርፊያ በሬና አህያ በአንድ ቀንበር ሆኑ። ትርንጎ ብቅ ብላ፣ "በአላህ፣ አንዳችሁ ዝም በሉ" አለች። ሁለታችንም ዝም አልን።

ትንሽ ቆይቶ፣ "እኔ በራሴ ጊታር ይቺን ወፍራሟን ክር ብቻ እየመታሁ ልያዝልህ" አለ። እሷን ብቻ ይዞ ዘለቀ። አልከፋም። ወይም ከፍቶ ለምደነው ይሆናል፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

የቀረው ጭንቀት አንድ ነው። አጋድሜ ብይዘው ጊታሪስት እመስላለሁ፣ ዜማው ግን አይወጣም። አቁሜ ብይዘው ዜማው ይወጣል፣ ጊታሪስት ግን አልመስልም። የአቀስታ ሰዎች የሚያስቀድሙት ማየቱን ነው ወይስ መስማቱን?

ሰኞ (የትናንቱን ጭምር)

የአቀስታ ሰዎች ትናንት መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ አገራቸው ብርድ ስለሆነ እዚህም ሳያወልቁት። ተበላ፣ ተጠጣ። ዘሃራ ከሙሽራው አጠገብ ሆና በዐይኗ ጠራችኝ። ተነሳሁ። ተቀመጥኩና ጊታሩን ጉልበቴ ላይ አቆምኩት።

ከሙሽራው አጎቶች አንዱ፣ ፂማቸው የሸበተ፣ "ይቺ ክራር ሆዷ ሰፋ፤ ምን እያበላችኋት ነው?" አሉ። ዳሱ በሳቅ ሞላ። "የመካነ ሰላም ጤፍ ነው አባባ፤ እርስዎም ትንሽ ቢሰነብቱ ይሰፋዎታል" አልኳቸው። ሳቁ ወደ እኔ ዞረ፣ ከሁሉ በላይ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። በምላስ ቢሆን ሰርጉን ብቻዬን እጨርሰው ነበር።

ከዚያ ገረፍኩ። ዜማውን ሲያውቁት ጭብጨባ ተነሳ። ከበሮው ገባ። እልልታው ቀጠለ። ዳሱ ሁሉ ማዜም ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጊታሬን አልሰማሁትም፤ እጄ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን የለም። መምህር ዳዊትን አየሁት። ከኋላዬ ቆሞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ላቡ እየወረደ አንዷን ክር እንደያዘ ነው። እሱንም የሚሰማው የለም።

ሲያልቅ ከየአቅጣጫው "ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ምኑን ሰምተው? እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ዳዊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ተጫወትን እንዴ?" አለኝ። "እኔ እንጃ" አልኩት።

ዘሃራን ወደ መኪናው ሲወስዷት ሁሉንም እየሳመች እኔ ዘንድ ደረሰች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሰው የምታለቅስ መስሎታል። "አያ፣ ሦስተኛዋ ክር ወርዳብህ ነበር" አለችኝ። መኪናው ውስጥ ገባች፣ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ጊታሩን አውርጄ ሦስተኛዋን ነካኋት። እውነትም ወርዳለች። በዚያ ሁሉ ከበሮና እልልታ መሃል። እንግዲህ በሰርጉ ላይ የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም ተሳስተሃል አለችኝ። ታዲያ ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ደስ የሚለው ለምንድን ነው?

ረፋዱ ላይ መምህር ዳዊት መጣ። ጎማው አልተነፈሰም፣ እንዲሁ ነው የመጣው። ጊታሩን ይዞ፣ ያለ ጋቢ። ክሯን ከፍ አደረግኳት። "በዛች" አለኝ። ለእኔ አሁንም የወረደች ትመስለኛለች። ተከራከርን። ሾፌሮቹም ገቡበት፤ እኩሉ ለሱ፣ እኩሉ ለእኔ ፈረደ። ያ ሁሉ የናፍጣ ወሬ ቀረ።

በመጨረሻ ገረፍኩና በስልክ ቀድቼ ለዘሃራ ላክሁላት። ኮምፕሬሰሩን አላጠፋሁትም።