ሳይከረከም የቀረው አጥር

ለምወድሽ እናቴ፤

ሰላምሽ እንዴት ነው? የሊቨርፑል ብርድ እግርሽን ተወት አደረገልሽ? እኛ አለን። አባዬን ሳሉ ለቆታል፤ ዴክላን የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያፏጭ ይውላል። እኔም ድክም ይለኛል እንጂ አላመመኝም።

ሳልጽፍልሽ የዘገየሁት፣ ቄሱ በየመንደርተኛው ቤት እየዞሩ የሚቀድሱት ቅዳሴ ዘንድሮ ተራው የእኛ ሆኖ ነው። ግድግዳውን ኖራ ቀባን፤ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዴሊያ ጥሩ ጥሩ ሲኒዎቿን ተዋስኩ። አባዬ አክስቴን እያስታመምሽ እንደሆነ ለሰው ስለሚናገር፣ ሁሉም ለቅዳሴው ትመጫለሽ ብሎ ይጠብቅሽ ነበር። ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ "አዎ" እላለሁ። ማውራት እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ።

ከሥራ አረፍ ስል ወጥ ቤቱ መስኮት ጋ ቆሜ ጥቁር ወፍ የምንላቸውን ጥንዶች አያለሁ። ጥቁሩ ወንዱ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። አንቺ ልብስ ታሰጪበት በነበረው በኩል፣ ቁጥቋጦው አጥር ውስጥ፣ ከደረቅ ሣርና ከጭቃ ጎጆ ሠርታ ነበር። ሣሩ ላይ ሮጥ ትልና ቆም ብላ አንገቷን ታዘነብላለች፤ ከዚያ ትሉን ስባ ታወጣዋለች። ወንዱ ሲመሽ ጭስ መውጫው ላይ ሆኖ ይዘምራል።

ከቅዳሴው በፊት ባለው ቅዳሜ አባዬ መቀሱን ይዞ አጥሩን ሊከረክም ወጣ። ቄሱ የሚገቡበት አጥር ተንጨባሮ ከታየ ሰው ምን ይላል? ጫጩቶቹ ግን ገና ላባ አላወጡም። ተከትዬው ወጥቼ ጎጆው ፊት ቆምኩ። አባዬ አየኝ፤ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎም አየ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ አስተካክሎ ያቺን ቦታ ብቻ እንዳለች ተዋት።

ከቅዳሴው በኋላ ቁርስ ሲበላ ጎረቤታችን ጋሼ ፓኪ አፉን በእንቁላል ሞልቶ፣ "ኦወን፣ የአጥርህን ጢም ግማሹን ላጭተህ ግማሹን ለማን ተውከው? ሚስትህ መጥታ እንድትጨርሰው ነው?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባዬ አልሳቀም። "የቤቱ እመቤት እዚያ ውስጥ ናት፣ ጋሼ። ሥራዋን አልጨረሰችም" አለው።

ቄሱ ሻይ ይጨመርልኝ አሉ። ቀዳሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ስላንቺ የጠየቀኝ የለም።

ጫጩቶቹ መብረር እንኳ በደንብ ሳይችሉ ከጎጆው ወጡ። ሴቷን ግን አጣኋት። ድመት የበላት መስሎኝ አለቀስኩ። ለካ ከጋጣው ጀርባ ሌላ ጎጆ ጀምራለች፤ ጭቃ በአፏ ይዛ ስትበር አየኋት። አሁን ልጆቹን የሚያበላቸው ወንዱ ብቻ ነው። ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ሲጮሁበት ይውላሉ፤ ከስቷል፤ መዝፈኑንም ትቷል።

ይህን ለአባዬ ስነግረው የላክሽልንን ፎቶ ከግድግዳው ሰዓት ኋላ አወጣው። ካፖርትሽ አልቆለፍ ብሎሽ በእጅሽ የያዝሽበትን። ብዙ አየው።

"አይቻታለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ወንዱ ይበቃቸዋል።"

ፎቶውን ወደ ቦታው መለሰና ላሞቹን ሊያልብ ወጣ።

እኔ መጀመሪያ ወፏን ተቀይሜያት ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ቂም መያዝም ጉልበት ይፈልጋል መሰለኝ።

ከደብዳቤው ጋር ያለውን ኮፍያ ከዴክላን ሹራብ በተረፈ ክር የሠራሁት እኔ ነኝ። ዴክላን ሞክሮት ጭንቅላቱ ላይ አልገባ ሲለው ሳቀ። ለማን ነው ሲለኝ ለሊቨርፑል ብርድ ነው አልኩት። ክሩ ለስላሳ ነው፤ አይኮሰኩስም።

በሰው አገር እግዚአብሔር አይለይሽ። ቀኑ ሲደርስ ማርያም ትቅረብሽ።

የመጀመሪያ ልጅሽ