የገንዳው ቡናማ እድፍና የተዘጋው በር

ለተከበሩ የመዋኛ ማእከላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የገንዳው ጽዳት ሠራተኛ፣ በውስጥ መሥመር የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ከማስጠንቀቂያ በቀር መልስ ስላላስገኙልኝ ይህን በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

በቅድሚያ የማመሰግንዎ፣ የቧንቧው ውሃ እስኪመጣ ከምንጠብቅ ገንዳውን በጉድጓድ ውሃ እንድንሞላ ስላዘዙን ነው። ውሃው ብረት ይበዛበታል ብዬ ነበር፤ እርስዎ ግን ብረት ለሰውነት እንደሚጠቅም ነግረው አረጋጉኝ። ክሎሪን በጨመርንበት ማግስት ወለሉም ደረጃውም ዝገት የመሰለ እድፍ ለበሰ፣ በሩም ለጊዜው ተብሎ ተዘጋ። ይኸው አራተኛ ወሩን ይዟል።

1. እድፉን አስለቅቅ ተብዬ የተላከልኝ ሌላ ክሎሪን ነው። ክሎሪን የብረትን እድፍ የባሰ እንደሚያጠቁረው ብጽፍ፣ ትጋቴ አንሷል ተብሎ እጥፍ ተላከልኝ። ለቸርነትዎ ቃል ያጥረኛል።

2. አንድ የቫይታሚን ሲ ክኒን ደረጃው ላይ ይዤ ባሸው ቦታው ነጣ። ደስ ብሎኝ የቫይታሚኑ ዱቄት በብዛት እንዲገዛ ብጠይቅ፣ ግዥ ክፍል መድኃኒት ነው ብሎ ወደ ክሊኒኩ መራኝ፤ ክሊኒኩም የታማሚውን ስምና ዕድሜ የሚጠይቅ ቅጽ ሰጠኝ። ገንዳው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ብዬ ስለሞላሁ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

3. እርስዎ የላኳቸው ተቆጣጣሪም መዳፍ የምታክለውን ነጭ ቦታ አይተው፣ የገንዳውን የቀለም ወጥነት አበላሽቷል ሲሉ ጻፉብኝ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ አቤቱታ ይባል አይባል አላውቅም። በየማለዳው ውሃ ከመግባታቸው በፊት ስለ ጉልበታቸው ሕመም የሚያጫውቱኝ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥተው በበሩ ቀዳዳ አጮለቁ፤ እኔ ከገንዳው ማዶ ሮጬ እስክደርስ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። አሁን የማጣሪያውን ሞተር ጉርምርምታ እየሰማሁ እውላለሁ፤ አንዳንዴም መልስ እሰጠዋለሁ። ክቡር ሆይ፣ ብቸኝነቱ ከብዶኛል።

የምለምንዎ ዱቄቱ ተገዝቶልኝ እድፉን እንዳስለቅቅና በሩ እንዲከፈት ነው።

ትእዛዝዎን አንድም ሳያጓድል በመፈጸም ገንዳውን ለዚህ ያበቃው፣
ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣
የገንዳው ጽዳት ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ እንደ ቀደሙት በበሩ ሥር እንዳያሾልኩት በትሕትና አሳስባለሁ። ሰው ይዞት ይምጣ። ጥፋቱ ምንም ይሁን ምን አምኜ እፈርማለሁ፤ ብቻ ያመጣው ሰው ትንሽ ቆይቶ ይሂድ።