ተማሪን ሲሄድም ሲመለስም ይጠይቁ የነበሩት የወይዘሮ ገላነሽ አለምነህ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ገላነሽ አለምነህ ከአባታቸው ከአቶ አለምነህ ወገኔ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዕንቁ ባየህ በፎገራ ወረዳ፣ ናበጋ በተባለው አካባቢ በ1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ክረምት ሲገባ ሜዳው በውኃ ስለሚዋጥ፣ መስከረም ጠብቶም ጭቃው ስለማይደርቅ፣ ከአራተኛ ክፍል አላለፉም። «እኔን ያስቀረኝ ውኃ ነው» ይሉ ነበር። ልጆቻቸውን ደግሞ ምን ያስቀርብኝ ይሆን እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠጉ ኖረዋል።

በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ሰውመሆን ታደለ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወረታ ገቡ። ባለቤታቸው በሩዝ መፈልፈያ ሲሠሩ፣ እርሳቸው የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያይበት መገንጠያ ላይ ሻይና ዳቦ ይሸጡ ጀመር። ከወለዷቸው ልጆች ማረውና መስከረም አደጉላቸው። አቶ ሰውመሆን በ2003 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሁለቱን ብቻቸውን አሳድገዋል።

በ2005 ዓ.ም. ማረው ሩቅ አገር ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። ወይዘሮ ገላነሽ ግን ርቀቱን ፈሩ። ሻይ ሊጠጣ የተቀመጠ አንድ ሰው ያወራላቸውን ቅርብ ያለ የግል ኮሌጅ አምነው፣ ላማቸውን ሸጠው አስገቡት። ማርኬቲንግ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ አንድ ጠዋት ቢሄድ በሩ ተቆልፎ ማስታወቂያው ወርዷል። ኮሌጁ ለካ ፈቃድ አልነበረውም። ማረው እናቱን አንድም ቀን አልወቀሰም። እንቅልፍ ይነሳቸው የነበረውም ይኸው አለመውቀሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ በመገንጠያው መኪና የሚጠብቅን ተማሪ ሁሉ ሳይጠይቁ አይለቁም ነበር። ምግቡ እንዴት ነው? ውኃ አለ? ቢዝነስ የሚባለው ትምህርት ውስጥ ማርኬቲንግ ይሰጣል ወይስ ስሙ ብቻ ነው? የሚሄደው ልጅ የሚነግራቸውን ይሰሙና፣ በገና ወይም በፋሲካ ሲመለስ ያንኑ ደግመው ይጠይቁታል። ከመልሱ ይልቅ ጉንጩን ያዩ ነበር። «አፉ ቢዋሽ ጉንጩ አይዋሽም» ይሉን ነበር። የጎረቤት ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሊሞላ ሲል ወላጆቹ ወደ እርሳቸው ይመጡ ጀመር። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ደስታው «እትዬ ገላነሽ፣ መንግሥት እርስዎን ሳያማክር መመደብ ተወ አሉ!» ሲላቸው፣ «ድሮ ቢያማክረኝማ ማረዬ ባልተታለለ» ብለው ይስቁ ነበር፤ ሳቁ ግን ቶሎ ይጠፋል።

መስከረም በ2017 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተነች። የምትፈልገው ማርኬቲንግን ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወይዘሮ ገላነሽ ባሕር ዳር ታክመው ጉበታቸው ክፉኛ መታመሙን ሐኪም ነገራቸው። ለመስከረም እንዳይነግራት ማረውን አስማሉት። «እኔን ብላ ቅርቡን ትመርጣለች። አንድ ልጅ በፍርሃቴ አስቀርቻለሁ፤ ሁለተኛ አይሆንም» አሉት። ሲያማቸው ጓሮ እየዞሩ፣ ለጣራ ገዳም እየተሳሉ፣ ምርጫው የሚሞላበትን ቀን ጠበቁ።

ቀኑ ሲደርስ መስከረም ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲን አንደኛ ልታደርግ አሰበች። እናቷ ግን ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን፣ ልጆቹ ጉንጫቸው ሞልቶ የሚመለሱበትን አስቀደሙት። «መንገድ ቢዘጋስ፣ እማዬ?» አለቻቸው። «የተዘጋ መንገድ ይከፈታል፤ የተዘጋ ኮሌጅ ነው የማይከፈተው» አሏት። ምርጫው መላኩን ከነገሯቸው በኋላ ነው አልጋ የያዙት። ያኔ መስከረም ሁሉን አወቀች፤ አለቀሰችም። የተላከው ግን ተልኳል።

ከዚያ ወዲህ ዐይናቸውን በገለጡ ቁጥር «ወጣ?» ይሉ ነበር። «ገና ነው» እያልናቸው ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ይህ በሚነበብበት ሰዓትም ምደባው አልወጣም።

ወይዘሮ ገላነሽ የሁለት ልጆች እናትና የአንዲት የልጅ ልጅ፣ የሰብለ ወንጌል ማረው፣ አያት ነበሩ። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። በመገንጠያው የምትውሉ ሁሉ ግን አንድ ነገር አደራ እንላችኋለን፦ መስከረም ስትሄድ ጠይቁልን፤ ስትመለስም ጉንጯን እዩልን።

አምላካቸው ድካማቸውን ቆጥሮ፣ ሥጋት በማይደርስበት በደጋጎቹ ማረፊያ ነፍሳቸውን ያሳርፍ። አሜን።