መሳቢያዬ ውስጥ ስምንት ቀን ያደረው ቅጽ

ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ
ማክሰኞ፣ ማርች 18 ቀን 1997

ለምወድህ ልጄ ለኒልስ፣

የኦሪገን ዝናብ እንዴት ይዞሃል? እኛ ጋ ሐይቁ ገና በረዶ እንደሆነ ነው። ጎረቤታችን ሃርላን መኪናህ እንዳትሞት ጠዋት ጠዋት እያስነሳልህ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩህ ግን ለወጉ ነው።

እሑድ ስትደውል ከኋላህ የምትስቀው የአባትህ ሚስት ማርጎ ናት አይደል? «እማዬ፣ ማርጎ ኮሌጁን አስጎበኘችኝ፤ ላቦራቶሪው እኮ ባሕሩ ላይ ነው! ከተዛወርክ ደግሞ እኛ ጋ ትኖራለህ ብላኛለች» አልከኝ። ያቺ «እኛ ጋ» አንጀቴን ቅጥል አደረገችው። «ጥሩ ነው ልጄ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የታጠበውን ሳህን ሁሉ እንደገና አጠብኩት። ባሌን ስትወስድ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ልጄን ምርቃት ልጨምርላት? ዳቦም ራሷ ትጋግራለች አልከኝ። እኔስ ሃያ ዓመት ሙሉ ዳቦ ገዝቼ አላበላሁህም?

አዎ፣ ቅናት ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከመሄድህ በፊት፣ ያለፈው ሳምንት ሰኞ፣ እኔ ምሳ እስክወጣ ጠብቀህ ለሥራ ባልደረባዬ ለቬርና የሰጠሃት የትራንስክሪፕት መጠየቂያ ቅጽ እጄ ገብቷል። ኮሌጃችን ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ የተማሪውን ውጤት አሽጎ የሚልከው ከእኔ በቀር ማን ነበር? የማንም ተማሪ ቅጽ በመጣበት ዕለት ተሠርቶ ይወጣል። ያንተን ግን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። የዚያኛው ኮሌጅ ማመልከቻ የፊታችን ዓርብ እንደሚዘጋ ጽፈሃል፤ አላየሁም አልልህም።

ትላንት ቬርና መቀስ ስትፈልግ መሳቢያዬን ከፈተች።

«ይሄ የኒልስ አይደለም እንዴ? እስካሁን አልላክሽውም?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«የምን ሥራ? ጠዋት ሙሉ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ስትፈቺ አልነበር?»

«ቬርና፣ ምን አገባሽ?»

«እኔን ምንም አያገባኝም። ልጁ መጥቶ ቢጠይቀኝ ግን አልዋሸውም። በይ አምጪው፣ እኔ ልላከው።»

«ተዪው፤ ልጄን ራሴ እልከዋለሁ» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ትራንስክሪፕትህን አተምኩት፣ አሸግኩት፣ ማኅተም መታሁበት። ትንሽ ቆይቶ ውጤትህን አንዴ ልየው ብዬ ፖስታውን ቀደድኩት። ማኅተሙ የተነካ እንደማይሠራ እኔው ነኝ ለተማሪው ሁሉ የምናገረው! እንደገና አተምኩ። ኬሚስትሪ ላይ ያቺን «ሲ» ውጤት ሳያት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ይህቺ ታስቀርልኛለች አልኩ። እናት በልጇ «ሲ» ደስ ይላታል? ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ በራሴ አፈርኩ። ሁለተኛውን ፖስታ ሳላየው አሸግኩት።

በፈጣን ፖስታ ሄዷል፤ ሐሙስ ይደርሳል። የምትወደው የባሕር ትምህርት እኛ ኮሌጅ እንደሌለ አውቃለሁ። እዚህ የገባኸውም የሠራተኛ ልጅ በነፃ ስለሚማር ነው እንጂ መርጠኸው አይደለም። እንግዲህ ከተቀበሉህ ውሳኔው ያንተ ነው። ለእኔ አዝነህ እንዳትቀር፤ ቅጹን ስለደበቅኩብህ ተናደህም እንዳትሄድ። ልብህ የሚልህን አድርግ። የእኔ ልብ ምን እንደሚለኝ አትጠይቀኝ።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ፤ የገባህበት ቤት ሁሉ ይቅናህ።

ለማርጎ አንድ ነገር ንገርልኝ። ይሄ ልጅ ሲያተኩሰው አያቃስትም፣ አይናገርም፤ ቀልድ ያበዛል። ቀልዱ ሲበዛባት ግንባሩን ትንካው። አባትህ ይህን አያውቅም፤ ከእሷ ሌላ ለማን እነግራለሁ?

እናትህ፣ ሲግሪድ