«ሰምተናል!» የሚል ሲጠፋ

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከእንጦጦ ሥር፣ ከወንዞቹ ዳር

ለምወድሽ ልጄ ለናዝራዊት፣

የጅግጅጋው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ አስቸገሩሽ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ይቺ ሳል ብቻ አልለቅ ብላኛለች። ስልኩ እዚህ ሸለቆ ውስጥ እንቢ ስላለኝ በወረቀት መጣሁብሽ። ጽሕፈቴን አይተሽ እንዳትስቂ።

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእድሩን ጡሩንባ ነፍተው ሰው ሲያስቀብሩ ኖረው፣ ለእሳቸው የሚነፋ ጠፋ። አገሩ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ የቀረነው እኔና ከማዶ ያለው ኢታና ብቻ ነን። ምን ላድርግ? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወረድኩና፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ድንጋይ ላይ ቆሜ ራሴ ነፋሁት። መጀመሪያ እንደታመመች ላም ነው ያጓራሁት! ቢሰሙኝ ኖሮ ጋሽዬ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

ወጋችንን ታውቂዋለሽ፤ ከሦስቱም ዳር «ሰምተናል!» ሳይባል አስከሬን አይነሣም። ኢታና ከራሱ ደጅ «ሰምተናል!» አለ። ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ኧረ ማን ይመልስ! ጠብቄ ጠብቄ ሳለቅስ ሲያየኝ፣ ያ ሽማግሌ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙን ተሻገረና ባዶዎቹ ቤቶች ፊት ቆሞ «ሰምተናል!» ብሎ ጮኸ። ደግሞ ሌላውን ተሻግሮ በእኛ በኩል ጮኸ። በሄዱት ሁሉ ስም እሱ መለሰ። ከዚያም ዳገቱን ወጥቶ ከኪዳነ ምሕረት ሰው ለምኖ አመጣና በወግ ቀበርናቸው።

ጡሩንባው አሁን እኔ ቤት ነው። ትናንት ኢታናን «መንፋት ተለማመድ እንጂ» አልኩት።

«ለማን?» አለኝ።

እንጨት ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።

ናዝሬ፣ «እማዬ፣ ልውሰድሽ» ማለቱን ተይልኝ። አባትሽን ያስቀበሩልኝ ሰዎች ደጅ ነው፤ ዘግቼው አልሄድም። ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ ብለሻል፤ እስከዚያ ግን ክረምቱ ይገባል፣ ወንዞቹ ከሞሉ ደግሞ የሚሻገር የለም። አስፈቅደሽ አሁን ነይ። ለሳሉ መድኃኒት ብለሽ አትድከሚ፤ ራስሽን ብቻ ይዘሽ ነይልኝ።

ከጅግጅጋ አቧራ ይሰውርሽ፣ በሰው ፊት ያስወድድሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ስትደርሺ እንደ ልጅነትሽ ከማዶ ሆነሽ «እማዬ!» በይኝ። «ሰምቻለሁ» ብዬ የምመልስልሽ እኔው ልሁን፤ ኢታና አይሁን።

እናትሽ ሙሉጌጥ