መሬቱ ባለበት ፍርድ ቤት

ለውድ ወንድሜ ለሙንጂ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ፓሌርሞ ካለህበት ይድረስህ። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ አንተስ ሥራው እንዴት ይዞሃል?

አጎታችን ላዝሀር በወይራው መሬት የመሠረቱብን ክስ ከቱኒስ ወደ እኛው መድኒን ተዛወረልን። የሚኖሩት ቱኒስ ስለሆነ እዚያው ነበር የከሰሱን። ጠበቃችን ረውዳ ገና ክርክሩ ሳይጀመር ተቃወመች፤ ዳኛውም፣ "የመሬት ክርክር የሚታየው መሬቱ ባለበት ነው" ብሎ መዝገቡን ላከው።

አጎቴ ከችሎት ስንወጣ፣ "በአውቶብስ ምልልስ ላሰለቻችሁ ነበር፤ አመለጣችሁኝ!" ብለው ሳቁ።

"እንግዲህ ተራው የእርስዎ ነው፣ ይሳፈሩ" አልኳቸው።

ሰኞ ዕለት የመድኒኑ ዳኛ ድንበሩን ለማየት ወይራው ድረስ መጣ። አባባ ነጩን ካባቸውን ለብሰው ከአንዱ የድንበር ድንጋይ ወደ ሌላው እየመሩ አሳዩት፤ አንዱንም አልሳቱም። አጎቴም ከኋላ ከኋላ ይከተሉ ነበር።

ዳኛው አመስግኖ ሲሄድ አባባ ወደ አጎቴ ዞረው፣ "እንግዳችን፣ እርስዎ ደግሞ ከየት መጡ?" አሏቸው።

አጎቴ ቆም ብለው አዩዋቸው። ከዚያ እጃቸውን ያዙና፣ "ከዚሁ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ" አሏቸው። እስከ ቤት ድረስ እጃቸውን አልለቀቁም። በማግስቱ ክሱን አነሡ።

አባባ ሁሌ ያነሡሃል፤ ሰው መለየት እያቃታቸው ቢመጣም ስምህን አሁንም ደህና አድርገው ይጠራሉ። ለበዓል እመጣለሁ ያልከውን ወደዚህ ወር ብታደርገው ደስ ይለኛል።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ መብሩካ