ያቀናሁት አንገት

ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? ከስፌት መኪናው ስትነሺ ይይዘኛል ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሐሳቡ ከእኔ አልራቀም። ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? የእናታችን ዓይንስ መድኃኒቱን ከጀመረች በኋላ ተሻላት? የእኔን ከጠየቅሽኝ፣ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ከማጉረምረሙ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልጅሽም ደህና ናት። ዛሬ ግን ደህና ናት ብዬ ብቻ አላልፍም፤ ነገሩ ረዘም ስለሚል መነጽርሽን አድርጊ፣ መኪናውንም ትንሽ አሳርፊው።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ የዚህ መንፈቀ ዓመት የሥነ ጥበብ ሥራዋ ካላለፈ ትምጣና ከጎኔ ቁጭ ብላ ትስፋ፤ ቆርቆሮ ስትለቃቅም ዕድሜዋ አይለቅ ብለሽ ነበር። አልተቆጣሁሽም። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ የሰው ቤት ውዳቂ ታቅፋ ስትገባ የእኔም ፊት ይጠቁር ነበር። ያልሽውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። እሺ አጎቴ፣ ካላለፈ እሄዳለሁ አለች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ መዶሻዋን አነሳች።

የኮሌጁ ሥነ ጥበብ መምህርት ተማሪዎቿን ያዘዘቻቸው እንዲህ ነው። አምስት ቅርጻ ቅርጽ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ቢያንስ ከሦስት ዓይነት ነገር ይሁን፤ ያየው ሰው ፈገግ ሳይል እንዳያልፍ። የሚታረመው ደግሞ ቅርጹ ሳይሆን ፎቶግራፉ ነው። ፎቶው ካልሆነ ሥራው የለም ማለት ነው። ልጅሽ ከአትክልት ውኃ ማጠጫና ከመጥረጊያ ጭራ ዶሮ ሠርታ የተቃጠሉ አምፖሎች አሳቀፈቻት። አፉን የከፈተ አሮጌ ጫማ በቀይ ጨርቅ ምላስ ውሻ ሆነ። የተሰበረ ጃንጥላ ሸረሪት ሆኖ ስምንት የተለያየ ካልሲ ተጫማ። ለካፖርቷ ብለሽ የላክሽላት የልብስ ቁልፍ ሁሉ የአራተኛዋ፣ የዓሣዋ ቅርፊት ሆኗልና ካፖርቷ ዛሬም በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ ነው፤ ይቅር በያት።

አምስተኛው ሰው ነው። ሆዱ ከቁም ሣጥኔ ሥር ለምና የወሰደችው የጠመኔ ሣጥን፣ እግሮቹ የእንጨት ማስመሪያ፣ ራሱ ደወል ያለው የጠረጴዛ ሰዓት፣ ዓይኑ ላይ ባለ አንድ መስታወት መነጽር። አንገቱ የመጥረጊያ እንጨት ነው። እኔ የባቡር ጣቢያ ሰዓት ተቆጣጣሪ መስሎኝ ነበር።

ካሜራውን ከኮሌጁ የተዋሰችው ለሁለት ቀን ነው። የመስኮታችንን ብርሃን ሳምንቱን ሙሉ በደብተር እየመዘገብኩ ስለነበር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ለስላሳ እንደሚሆን አውቀናል። በመጀመሪያው ቀን አራቱን አነሳች፤ አምስተኛውን ለሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ አንስታው ብርሃኑ ከዳን። ከሰዓት በኋላ ስትወጣ፣ አጎቴ፣ አቧራውን ብቻ ያራግፉልኝ ብላኝ ሄደች።

እህቴ፣ አቧራውን ብቻ ባራግፍ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። አንገቱን አየሁት፤ ወደ ቀኝ ተጣሟል። የተጣመመ መስመር ሳቀና የኖርኩ ሰው እጄ አላርፍ አለ። ማስመሪያ አስደግፌ ቀጥ አደረግሁት፣ ማስቲሽ አፈሰስኩበት፣ እስኪደርቅ በሲባጎ አሰርኩት። ከዚያም ውለታ እንደዋለ ሰው ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም። አጎቴ፣ ደብተር ሲያርሙ አንገትዎ እንዲህ አይደል የሚሆነው አለችና አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ፣ ከሌለ መነጽር በላይ አየችኝ። እኔው ነኝ፤ ቁርጥ እኔን። በስልሳ ስድስት ዓመቴ የገዛ ምስሌን አርሜ አበላሸሁ። ካሜራው በማግስቱ ቀትር ላይ ይመለሳል። ካላለፈ እሄዳለሁ ያለችው ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

ወዲያው ታች ቤት ያለውን ቧንቧ ሠራተኛ ሰጌቶ መጋዝህን አውሰኝ፣ አንገት ልቆርጥ ነው አልኩት። የኔታ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ የየትኛውን ተማሪ አንገት አገኙ ብሎ ሳቀብኝ። የራሴን ነው አልኩት። ከሙከራው ፎቶ ላይ አንገቱን በፕሮትራክተር ለካሁ፤ ሃያ ሦስት ዲግሪ። ልጅሽ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። እኔ ቆረጥኩ፣ እሷ አጋደመች፣ ማስቲሹ ያዘ። የመጋዙ ጠባሳ ግን አፍጥጦ ቀረ። ቁም ሣጥኔን ከፍታ፣ በመጨረሻው የትምህርት ቀኔ ያሰርኳትን ቡናማ ክራቫት አምጥታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ቁረጫት አልኩ።

በማግስቱ ነጭ አንሶላ ከግድግዳው እስከ ጠረጴዛው ዘረጋን። በፎይል የተለበጠ ካርቶን ይዤ ብርሃኑን ወደ ጥላው እየመለስኩ ቆምኩላት። አጎቴ፣ አይተንፍሱ ትለኛለች። አርባ አንድ ጊዜ አነሳች፤ እኔም ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ርቀቱን መዘገብኩ። የመረጠችው ሃያ ሰባተኛውን ነው።

ሐሙስ ዕለት ፎቶግራፎቹ በኮሌጁ ኮሪደር ተሰቅለው እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ከሥሩ የተጻፈውን ለማንበብ ጠጋ አልኩ፤ «አጎቴ፦ ከሣጥን፣ ከሰዓትና ከክራቫት» ይላል። መምህርቷ፣ ምስጋና የማይቀናት ሴት ናት አሉ፣ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ለካስ ሳነብ አንገቴ ዘንበል ብሏል። ኮሪደሩ በሙሉ በሳቅ አለቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይህች ክራቫት ሥራውን አሟላችው ስትላት፣ ልጅሽ፣ እሷስ የአጎቴ ስህተት ናት ብላ እውነቱን ተናገረች። ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። ዘመኔን ሁሉ የሌሎችን ልጆች ውጤት ስናገር ኖሬ፣ የራሴን ልጅ ውጤት ግን ያን ዕለት ላገኘሁት ሰው ሁሉ ደጋግሜ ነገርኩ።

ስለዚህ ቃልሽን ጠብቂልኝ፤ ሥራዋ አልፏልና እዚሁ ትማር። ፎቶውን በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ። ከጀርባው ነጥብ ልጽፍበት ቀይ እርሳስ አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ፎቶውን ወደ መስኮት አስጠግተሽ አሳያት። ለባለቤትሽ ሳሉን ቸል እንዳይል ንገሪው። ትንሹ ልጅሽ የማባዣ ሠንጠረዡን እስከ አሥራ ሁለት ይዞ ይጠብቀኝ። ልጅሽ ሁላችሁንም በናፍቆት ስማችኋለች፤ አንድ ነገርም አዝዛለች። የድሮው ስፌት መኪናሽ የተሰበረው መዘውር ካለ እንዳትጥይው፣ ሰው ሲመጣ ላኪላት። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ትናንት ግን ደብተሯ ላይ ክር በጥርሷ የምትበጥስ ሴት ስላ አየሁ። ወገቧ ጎበጥ ብሏል። አላቀናሁትም።

ወንድምሽ
ከመስኮቱ ጠረጴዛ፣ እሑድ ግንቦት 10 ቀን